ለውሻዬ የምጥደው ድስት

ድሬዳዋ ውስጥ ውሻ የሚያሳድግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያበላው ከማዕድ የተረፈውን ነው። እኔ በምኖርበት በሳቢያንም፣ በከዚራም፣ በገንደ ቆሬም ያው ነው። ወጥ የነካው እንጀራ፣ የተጋጠ አጥንት፣ የድስት እጣቢ። ውሻው እሱን በልቶ ይውላል፣ ማታ ግቢ ይጠብቃል። ስለ ምግቡ ማንም አያስብም።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ አዲስ ወሬ መጥቷል። ውጭ የቆየ ዘመድ ሲመጣ «ምን እያበላችሁት ነው?» ይላል። ስልክ ላይ የፈረንጅ ውሻ ከሚያምር ሳህን ላይ ሲበላ ይታያል። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው አንድ ከረጢት ደረቅ የውሻ ምግብ ይዞ ይመጣል። ከዚያ ክርክር ይነሳል። የታሸገው ይሻላል ወይስ የቤቱ?

ይህን ክርክር እወደዋለሁ፤ ውሻ ምን እንደሚበላ መነጋገር መጀመራችን በራሱ ጥሩ ነው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ከመሃል ይጀመራል። የታሸገውን ከቤት ምግብ ጋር ለማወዳደር መጀመሪያ ቤት ውስጥ ለውሻው የሚበስል ምግብ መኖር አለበት። እኛ የምንሰጠው ግን ለራሳችን ሠርተን የተረፈንን ነው። ለሰው የተሠራ ወጥ ለውሻ የተሠራ ምግብ አይደለም። ልዩነቱም የክብር ጉዳይ አይደለም፣ የጤና ጉዳይ ነው።

ከሽንኩርት እንጀምር። የእኛ ወጥ ያለ ሽንኩርት የለም። ዶሮ ወጥ ሲሠራማ የሚከተፈው ሽንኩርት ቤቱን ሁሉ ያስለቅሳል። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም ውስጥ ድኝ ያለባቸው ውህዶች አሉ። እነዚህ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። ማቁላላቱ፣ መቀቀሉ፣ አድርቆ መፍጨቱ ጉዳቱን አያስቀረውም። ከውሻው ክብደት በእያንዳንዱ ኪሎ ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ከገባ ደሙ ላይ ጉዳት ይታያል። ለ10 ኪሎ ውሻ ይህ ከ150 ግራም ጀምሮ ማለት ነው፤ አንድ ተኩል ራስ ሽንኩርት ገደማ። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ከቀዩ ይበረታል፤ በርበሬያችን ውስጥም ደርቆና ተፈጭቶ አለ። በአንድ ጊዜ ብዙ ባይበላ እንኳ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲገባ ይጠራቀማል።

ችግሩ ምልክቱ ወዲያው አለመታየቱ ነው። ውሻው ዛሬ ድስት ልሶ ከጥቂት ቀን በኋላ ይደክማል። ድዱ ይነጣል፣ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ሽንቱ ይጠቁራል ወይም ይቀላል። ያን ጊዜ ማንም ባለፈው እሑድ ስለነበረው ወጥ አያስታውስም። «ዓይን በልቶት ነው» ወይም «መርዝ በልቶ ነው» ይባላል።

«የእኛ ውሻ ዕድሜ ልኩን ወጥ በልቶ ምን ሆነ?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እንጀራ ጫፍ ላይ የቀረች ወጥ አትገድልም፣ እውነት ነው። ግን የዚያን ውሻ ደም ማን መርምሮት ያውቃል? ሰፈራችን ውስጥ ስንት ውሻ ነው በአምስት በስድስት ዓመቱ ከስቶ፣ ፀጉሩ ረግፎ የሚሞተው? አርጅቶ ነው እንላለን። በደንብ የተያዘ መካከለኛ ውሻ ከ10 ዓመት በላይ ይኖራል።

ሁለተኛው ነገር ጾሙ ነው። ይህ እኛ ቤት በደንብ የሚታይ ነው። በአብይ ጾም 55 ቀን ቤቱ ሽሮና ምስር ሲበላ ውሻውም አብሮ ይጾማል። የሚደርሰው ሽሮ የነካው እንጀራ ነው፤ ሽንኩርቱ ግን እንዳለ አለ። ከዚያ ፋሲካ ይመጣል። በግ ይታረዳል፣ ስቡም አንጀቱም አጥንቱም በአንድ ቀን ይወረወርለታል። በማግስቱ ያስታውካል፣ ያስቀምጠዋል። ድንገት ብዙ ስብ የወረደበት ውሻ ቆሽቱ ሊቆጣ ይችላል፤ እሱ ደግሞ ከባድ በሽታ ነው፣ ይገድላል።

ድሬዳዋ ለዚህ መፍትሔ ያላት ከተማ መሆኗ ደስ ይለኛል። የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች በጾም ሲዘጉ የሙስሊም ሥጋ ቤቶች ክፍት ናቸው። የግመል ሥጋም አለ፤ ቀይ፣ ስብ ያልበዛበት፣ ለውሻ ድስት የሚመች። እኔ ቅንጥብጣቢ የምወስድበት ሥጋ ቤት ልጁ ከሩቅ ሲያየኝ «እህቴ፣ የአንበሴ ድርሻ ተቀምጧል» ይለኛል። አንበሴ ውሻዬ ነው። ግማሹ የሐበሻ፣ ግማሹ ጀርመን ሸፐርድ፣ ክብደቱ 20 ኪሎ ገደማ።

ለውሻ ለብቻው ድስት መጣድ ግን ሰው ዘንድ በቀላሉ አይገባም። ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች በሰፈሩ ሁሉ የምትከበር ሴት ናት። ድስቱን ያየች ጊዜ «አቦ ተይ እንጂ! ሰው በሚራብበት አገር ለውሻ ይበሰላል?» አለችኝ። ይህን ቃል ቀለል አድርጌ አላየውም። እውነተኛ ጥያቄ ነው፣ በዚህ በኑሮ ውድነት ደግሞ ይበልጥ። መልሴ ግን ይህ ነው። ድስቱ ውስጥ የሚገባው ሰው የሚሻማበት ሥጋ አይደለም። ሳንባ ነው፣ ጣፊያ ነው፣ ከሥጋ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚጠረግ ቅንጥብጣቢ ነው፣ የተሰባበረ ርካሽ ሩዝ ነው። እንጀራውንና ወጡን ለሰው አተርፋለሁ። ለምኖ የሚመጣ ሰው ካለ ትርፉ የእሱ ነው። ደግሞ ውሻ ያሰርነው እኛ ነን። በሰንሰለት ታስሮ ግቢ የሚጠብቅ እንስሳ ወጥቶ የራሱን ምግብ መፈለግ አይችልም። ካሰርነው ማብላቱ የእኛ ዕዳ ነው።

ለእንስሳ ለይቶ ማብሰልም ከፈረንጅ የመጣ ነገር አይደለም። ከእኛ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ያለችው ሐረር ይህን ከድሮ ጀምሮ ታውቀዋለች። በዓሹራ ሌሊት ሐረሮች ገንፎ አገንፍተው፣ ቅቤ አድርገውበት ለጅብ ያቀርባሉ። ጅቡ ከበላው ዓመቱ መልካም ይሆናል ይባላል። የልማዱ መነሻ ተደርጎ የሚነገረው ታሪክ በረሃብ ዘመን የተራቡ ጅቦች ሰው እንዳይበሉ ሕዝቡ ገንፎ እንዳቀረበላቸው ነው። በየምሽቱም ከጀጎል ግንብ ውጭ ጅብ የሚያበሉ ሰዎች አሉ። ለጅብ ገንፎ በሚሠራበት ምድር ለገዛ ውሻዬ ሩዝ መቀቀል ሊያስደንቅ አይገባም።

የሙስሊም ጎረቤቶቼ ደግሞ አንድ ነገር አስተምረውኛል። ውሻ ለጥበቃ የሚያሳድጉት ዕቃውን ፈጽሞ ከቤት ዕቃ ጋር አይቀላቅሉም። ሳህኑ ለብቻ፣ ድስቱ ለብቻ፣ ማጠቢያው ለብቻ። ለእነሱ የሃይማኖት ሥርዓት ነው። ለጤናም ደግ ልማድ ነው፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ከረጢቱ። ደረቅ የውሻ ምግብ ሲባል ከጥንት የነበረ የሚመስለው ሰው አለ። አይደለም። መጀመሪያ የውሻ ብስኩት ሠርቶ ለገበያ ያቀረበው ጄምስ ስፕራት የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ፣ ለንደን ውስጥ። ከዚያ በፊት የፈረንጅ ውሻም የሚበላው እንደ እኛው ውሻ ትርፍራፊ ነበር። አሁን የምናውቀው፣ በእንፋሎትና በግፊት በስሎ እየተቆረጠ የሚወጣው ደረቅ ምግብ ደግሞ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው። ድሬዳዋ ባቡሩ ደርሶ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። ከረጢቱ ከከተማችን በዕድሜ ያንሳል።

ግን አዲስ ስለሆነ አይናቅም። ከረጢቱ አንድ ትልቅ ነገር አለው። በደንብ የተሠራ ከሆነ የሚጎድለው የለም። አሜሪካ ውስጥ አፍኮ የሚባል የመኖ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር አለ፤ አውሮፓ ውስጥ ፌዲያፍ የሚባል የቤት እንስሳት ምግብ አምራቾች ማኅበር አለ። ውሻ በቀን ምን ያህል ፕሮቲን፣ ካልሲየም፣ ዚንክ፣ አዮዲን፣ ቫይታሚን እንደሚያስፈልገው የሚዘረዝር መለኪያ አላቸው። ለምሳሌ በአፍኮ መለኪያ ለአዋቂ ውሻ ከደረቁ ምግብ ቢያንስ 18 በመቶው ፕሮቲን መሆን አለበት፤ ለቡችላ 22.5 በመቶ። ከረጢት ስትገዙ ከፊት ያለውን የሚያምር ሥዕል ትታችሁ ከጀርባ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቡ። ምግቡ ሙሉና የተመጣጠነ መሆኑን፣ ለቡችላ ይሁን ለአዋቂ ካልተናገረ ብዙ አትመኑት።

ይህ «ሙሉ» የሚባለው ነገር ምን ማለት እንደሆነ በደንብ የገባኝ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ወረፋ ስጠብቅ ነው። አንድ የመጋላ ነጋዴ የአራት ወር ጀርመን ሸፐርድ ቡችላ ታቅፎ ገባ። ቡችላው የሚያምር፣ ፀጉሩ የሚያብረቀርቅ ነው። ሲያስቀምጠው ግን የፊት እግሮቹ ወደ ውጭ ተጣመሙ። ሐኪሟ ጀርባውን ስትነካው ጮኸ።

«ምን ይበላል?» አለችው።

«ሥጋ። ሥጋ ብቻ! ያውም አጥንት የሌለው፣ ንጹሕ ቀይ ሥጋ። እኔ ራሴ የምበላውን ነው የማበላው፣ ዶክተር» አላት። በጣም ይወደዋል፣ ፊቱ ላይ ይታያል።

ሐኪሟ ቆጣ አላለችም። ቀስ ብላ አስረዳችው። ሥጋ ውስጥ ፎስፈረስ ብዙ ነው፣ ካልሲየም ግን በጣም ትንሽ። ፎስፈረሱ ካልሲየሙን ከ15 እስከ 20 እጥፍ ይበልጠዋል። ውሻ የሚፈልገው ደግሞ ካልሲየሙ ቢያንስ ከፎስፈረሱ እኩል እንዲሆን ነው። ደም ውስጥ ካልሲየም ሲያንስ አንገት ላይ ያሉ ትንንሽ ዕጢዎች ከአጥንት እየቀነሱ ወደ ደም እንዲገባ ያዛሉ። አጥንቱ ይሳሳል፣ ይጣመማል፣ ብሎም እየዘለለ ሲጫወት ይሰበራል። ሰውየው ዝም ብሎ ሰማት። በመጨረሻ «እኔ እኮ ምርጡን ነው የሰጠሁት» አለ። እውነቱን ነው። ምርጡን ሰጥቷል። በዚያ ሰዓት ያ ቡችላ ከሚበላው ውድ ሥጋ ይልቅ በጣም ርካሹ የቡችላ ከረጢት ይሻለው ነበር። ያዘዘችለትም እሱኑ ነው፤ ለቡችላ የተሠራ ሙሉ ምግብ፣ ሳይሯሯጥ በጠባብ ቦታ ዕረፍት። ከወራት በኋላ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። አንድ እግሩ ትንሽ ጠመም ብሎ ቀርቷል እንጂ ይሮጣል።

ስለዚህ ቡችላን በተመለከተ አቋሜ ቁርጥ ያለ ነው። ትልቅ ዘር ቡችላ ያለው ሰው፣ አቅም ካለው፣ እስኪያድግ የቡችላ ከረጢት ይግዛ። ካልሲየም ይጠቅማል ተብሎም ከላይ ዱቄት አይጨመር። የትልቅ ዘር ቡችላ ሰውነት ትርፉን መመለስ አይችልም፤ ሲበዛም አጥንቱ ይበላሻል።

ለአዋቂ ውሻ ግን ድሬዳዋ ላይ ከረጢቱን አምኜ መቀመጥ ይከብደኛል። አንዱ ምክንያት አቅርቦቱ ነው። ዛሬ አለ፣ ነገ የለም። ውሻ ደግሞ ምግቡ ድንገት ሲቀየር ሆዱ ይበላሻል። ሌላው ሙቀቱ ነው። ደረቅ ምግብ ከ27 ዲግሪ በታች ቢቀመጥ ይመከራል። በእኛ ከተማ ቀን ላይ ከ30 ዲግሪ በላይ መሆን የዘወትር ነው። በዚህ ሙቀት ስቡ ይሻግታል፣ ቫይታሚኑ ይቀንሳል። ከተከፈተ ጆንያ በኪሎ እየተሰፈረ የሚሸጠውን ባይገዙት ይሻላል። መቼ እንደተከፈተ አይታወቅም፣ የማብቂያ ቀኑም የለም። ከረጢት የምትገዙ ከሆነ ትንሹን ግዙ፣ በራሱ ከረጢት ውስጥ አፉን አጥፋችሁ ጥላ ቦታ አስቀምጡ፣ ከከፈታችሁ ከወር ብዙ ሳይርቅ ጨርሱት።

ፋብሪካም ሲሳሳት ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ2007 ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ከቻይና የመጣ የስንዴ ግሉተን ሜላሚን በሚባል ኬሚካል ተበክሎ ብዙ ውሻና ድመት ኩላሊቱ ተጎድቶ ሞተ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እህል የሌለባቸው፣ በምትኩ አተርና ምስር የበዛባቸው ምግቦች ከውሻ የልብ በሽታ ጋር ግንኙነት ይኖራቸው እንደሆነ መመርመሩን ይፋ አደረገ። ይህን የማነሳው ለማስፈራራት አይደለም። ውድ ስለሆነ ብቻ ደህና ነው እንዳይባል ነው።

እህልን ካነሳሁ አይቀር፣ «ውሻ ሥጋ በል ነው፣ እህል አይስማማውም» የሚለው ወሬ እዚህም ደርሷል። ውሻ ከተኩላ የመጣ ነው፣ ልክ። ነገር ግን ከሰው ጋር ሲኖር ሆዱ ተቀይሯል። እ.ኤ.አ. በ2013 የስዊድን ተመራማሪዎች ኔቸር መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት ተኩላ ስታርች የሚፈጭ ኢንዛይም የሚያዝዘው ዘረ መል ሁለት ቅጂ ብቻ ሲኖረው ውሻ ከ4 እስከ 30 ቅጂ እንዳለው አሳይተዋል። በሚገባ የበሰለ ሩዝ፣ የማሽላ ገንፎ፣ ስኳር ድንች ለውሻ ምግብ ነው። ሐረርጌ ደግሞ ማሽላውም ስኳር ድንቹም አላት።

እንግዲህ የእኔ ድስት ይህን ይመስላል። አንበሴን የሚያህል፣ ብዙ የማይሯሯጥ 20 ኪሎ ውሻ በቀን ወደ 1,000 ካሎሪ ይበቃዋል። ስብ ያልበዛበት የበሰለ ቀይ ሥጋ 300 ግራም ያህል፣ የበሰለ ሩዝ 250 ግራም ያህል፣ ዱባ ወይም ካሮት 100 ግራም፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት። ሽንኩርት የለም፣ በርበሬ የለም፣ ቅመም የለም። ከሥጋው ላይ ጥቂቱን በጉበት እተካለሁ፤ ጥቂት ብቻ፣ ጉበት ሲበዛ ቫይታሚን ኤው ይጎዳል። አዮዲን ያለው ጨው ቁንጥር። አልፎ አልፎ ሳርዲን።

በጣም አስፈላጊው ግን ሰው ሁሉ የሚጥለው ነገር ነው፤ የእንቁላል ቅርፊት። ቅርፊቱን ቀቅዬ፣ ፀሐይ ላይ አድርቄ፣ ሙቀጫ ውስጥ እንደ ዱቄት እስኪልም እወቅጠዋለሁ። የድሬ ፀሐይ ለዚህ አትሰንፍም። አንድ የሻይ ማንኪያ የቅርፊት ዱቄት 2 ግራም ያህል ካልሲየም አለው። ለ20 ኪሎ አዋቂ ውሻ በቀን ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ያ የመጋላ ቡችላ ያጣው ነገር ይኸው ነው።

ይህን ሁሉ አድርጌም ድስቴ ሙሉ ነው አልልም። ዚንኩ፣ ቫይታሚን ኢው፣ ቫይታሚን ዲው ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ2013 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የእንስሳት ሐኪሞች ከመጻሕፍትና ከኢንተርኔት 200 የቤት የውሻ ምግብ አሠራሮች ሰብስበው መርምረው ነበር። 95 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ አስፈላጊ ንጥረ ነገር ይጎድላቸዋል። ከእነዚህ ውስጥ በእንስሳት ሐኪሞች የተጻፉም ነበሩ። ስለዚህ እኔ የማደርገው ሁለቱን ማቀላቀል ነው። ከረጢት ባገኘሁ ጊዜ ከቀኑ ምግብ አንድ ሦስተኛ ያህሉን ከእሱ እሰጠዋለሁ፣ ሌላውን ከድስቱ። የቅርፊቱን ዱቄትም ያን ያህል እቀንሳለሁ። ከረጢት ሲጠፋ ድስቱ ብቻውን ይሠራል። የኩላሊት ወይም የሌላ በሽታ ያለበት ውሻ ግን የእኔን ድስት አይከተል፤ ሐኪም ያዘዘለትን ይብላ።

አጥንት ላይ ደግሞ ከጎረቤት ሁሉ ጋር አልስማማም። ሐረር ጅቡ አጥንቱን ድምጥማጡን ሲያጠፋው ያየ ሰው ውሻም ይችላል ብሎ ያስባል። የጅብ መንጋጋና ጨጓራ ለአጥንት የተሠራ ነው። የውሻ አይደለም። የተቀቀለ ወይም የተጠበሰ አጥንት ይደርቅና እንደ እሾህ ይሰነጠቃል። የዶሮ አጥንት በተለይ። ጉሮሮ ላይ ይሰነቀራል፣ አንጀት ይበሳል። ለፋሲካ ማግስት ክሊኒክ ሄዳችሁ ብትቆሙ ታዩታላችሁ።

የሻገተ ነገርም እንዲሁ። «ለሰው አይሆንም፣ ለውሻ ስጡት» የሚባለው የሻገተ እንጀራና ዳቦ፣ የነቀዘ በቆሎ፣ የጠቆረ ለውዝ። ከባቢሌና ከጉርሱም የሚመጣው ለውዛችን ሀብታችን ነው፣ ሲሻግት ግን አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያበቅላል። በቆሎም እንዲሁ። ውሻ ለዚህ መርዝ ከብዙ እንስሳ በላይ ስስ ነው፣ ጉበቱን ይጨርሰዋል። መቀቀልም አያጠፋውም። ሰው የማይበላው የሻገተ ነገር ውሻም አይብላው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ጥሬ የሆድ ዕቃ ነው። ከላይ እመለስበታለሁ ያልኩት ይህ ነው። በፋሲካም በአረፋም በየግቢው ይታረዳል። ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ ሲታይ «ይህማ ለሰው አይሆንም» ተብሎ ወዲያው ለውሻ ይጣላል። እባጩ ውስጥ ያለው ኤኪኖኮከስ የሚባል የትል እጭ ነው። ውሻው አንጀት ውስጥ ገብቶ ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ትል ይሆናል። ውሻው አይታመምም፣ ይጫወታል፣ ልጆችን ይልሳል። ዕንቁላሉ ግን ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ ፀጉሩ ላይ ይጣበቃል፣ አፈር ላይ ይቀራል። ልጁ ውሻውን ዳስሶ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ ዕንቁላሉ ይገባል። ከዚያ ያው እባጭ በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ቀስ እያለ፣ ዓመታት ፈጅቶ ያድጋል። ብዙ ጊዜ የሚወጣው በቀዶ ሕክምና ነው። አገራችን ውስጥ ይህ በሽታ እውን ነው፣ የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም።

መከላከያው ቀላል ነው። የታመመ የሆድ ዕቃ ይቀበር ወይም ይቃጠል፣ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት። ጤነኛ የሚመስለው ሳንባና ጉበትም ተከትፎ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ይቀቀል። ውሻውም በየጊዜው ፕራዚኳንቴል የሚባለው የትል መድኃኒት ይሰጠው፤ መጠኑን ሐኪም ይንገራችሁ። ሳህኑ ለብቻ፣ ማጠቢያውም ለብቻ ይሁን ያልኩት ለዚህ ነው። እትዬ ዘነበችን ያሳመናት ይህ ነገር ነው። የልጅ ልጆቿ ከውሻዋ ጋር ነው የሚውሉት። ስለ ሽንኩርቱ ስነግራት ሳቀች፣ ስለ እባጩ ስነግራት ግን ዝም አለች። ዘንድሮ በጉ ሲታረድ ሳንባውን ራሷ አገላብጣ አይታ፣ «እንቺ፣ ለሁለቱም ቀቅዪላቸው» ብላ ሰጠችኝ።

አንድ ነገር አጥብቄ እፈልጋለሁ። ሌላ አገር ለቤት የውሻ ምግብ የሚሆን የቫይታሚንና የማዕድን ዱቄት በመጠኑ ተቀምሞ ይሸጣል። እኔ ድሬዳዋ ውስጥ አላገኘሁም። የዶሮ መኖ ቅመም አለ፣ እሱ ግን ለዶሮ የተሰላ ነው፤ ለውሻ አይደረግ። ከእኛና ከሐረር መሃል ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው፣ ሐኪም የሚያወጣ። ማሽላውን፣ የግመል ሥጋውን፣ ስኳር ድንቹንና የቅርፊቱን ዱቄት ሚዛን ላይ አስቀምጦ ምን ያህል ዚንክ፣ ምን ያህል ቫይታሚን ኢ እንደሚጎድል በግራም ቢጽፍልን፣ የጎደለውንም በትንሽ ብልቃጥ ቀምሞ ቢሸጥልን፣ በየወሩ እገዛለሁ። እትዬ ዘነበችም የእኔን ድርሻ ጨምሪ ብላኛለች።